በገባር የተከፈለ ጦር

በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ጨለንቆ ላይ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል ያደረገው የንጉሥ ምኒልክ ጦር የወር ደመወዝ አያውቅም ነበር። ስንቁን ከቤቱ ይዞ የወጣ፣ ስንቁ ሲያልቅ ከደረሰበት አገር የሚበላ ሠራዊት ነው። ንጉሡ ሐረርን ይዘው ወደ ሸዋ ሲመለሱ አገሩን የአክስታቸው ልጅ ለሆኑት ለመኮንን አደራ ሰጡ፤ ጦርም ተዉላቸው። ያ ጦር መብላት አለበት፤ መልበስ አለበት። ፈረሱና በቅሎው ገብስ ይፈልጋሉ። ንጉሡ ደግሞ ለእያንዳንዱ ወታደር በየወሩ ቆጥረው የሚሰጡት ብር የላቸውም። ስለዚህ ለወታደሩ ሰው ተቆጠረለት።

አነጋገሬ የከበደው ካለ አሠራሩን ይስማ። ለተራው ወታደር ጥቂት፣ ለመቶ አለቃው ከዚያ በርከት ያለ፣ ለሻለቃውና ለፊታውራሪው ደግሞ ብዙ ገበሬ ይመደብለታል። የተመደበው ገበሬ ገባር ይባላል። ገባሩ እህል ያስገባል፣ ማር ያመጣል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ አጥር ያጥራል፣ የጌታውን ማሳ ያርሳል፤ ሚስቱ ትፈጫለች። ጌታው ሲዘምት ስንቁን የሚሸከመውም እሱ ነው። ከዚህ ሁሉ ሌላ አሥራቱ፣ ማለትም ከምርቱ አንድ አሥረኛው፣ ወደ መንግሥት ጎተራ ይገባል። እንዲህ ሆኖ መንግሥት ከግምጃ ቤቱ አንድ ብር ሳያወጣ ጦር አስፍሮ ያድራል። ሰፋሪው ነፍጠኛ ይባል ነበር። ቃሉ ዛሬ እርስ በርስ የምንወራወርበት ድንጋይ ሆኗል፤ እኔ ግን እንደ ሥራ መደብ ነው የምጠቀምበት፤ አንባቢም እንደዚያው ይያዝልኝ።

እኔ የገባር የልጅ ልጅ ነኝ። ቤታችን ቢዮ አዋሌ ነው፤ ከድሬዳዋ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ማሽላና ጫት የሚበቅልበት፣ ፍየል የሚረባበት አገር። ወንድ አያቴ ግን እዚያ አልተወለደም። የተወለደው ወደ ቀርሳ በኩል ባለው ደጋ ነው፤ የተቆጠረውም እዚያው ነው። ቢዮ አዋሌ የወረደው ከደጋው መሬት ከተነሳ በኋላ ነበር። እኔ በበኩሌ ድሬዳዋ ተምሬ፣ አማርኛ እጄ ላይ ስለሰላ በአንድ ግምጃ ቤት የመሬት ግብር ጸሐፊ ሆንኩ። ስለዚህ ነገሩን ከሁለት ወገን አውቀዋለሁ፤ ከአያቴ አፍና ከመንግሥት መዝገብ። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ስለ አንድ ነገር ግን አይለያዩም። የሐረርጌ መሬት ጠብ ከሥሩ ሲታይ ወታደር በምን ይከፈለው የሚል ጠብ ነበር፤ በ1966 አብዮት ሆኖ የፈነዳውም አንዱ ክር እሱ ነው።

በመጀመሪያ ለሰፋሪውም ፍትሕ እንስጠው። አያቴ የተቆጠረለት ሰው ከቡልጋ የመጣ፣ ርስቱ ከወንድሞቹ ጋር ሲካፈል ለጥማድ በሬ መዞሪያ የማይበቃ ድሀ ነበር። ውጅግራውን ተሸክሞ፣ በባዶ እግሩ ተጉዞ ነው ሐረር የደረሰው። የዚያን ጊዜ ጠመንጃ ራሱ ሀብት ነው። ምኒልክ በሐረር ዘመቻ ላይ ሳሉ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሁለት ሺህ ያህል አሮጌ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ እየገሰገሰ ነበር፤ ንጉሡ ከድል ሲመለሱ ዋጋውን ሰብረው ገዙት፤ ራምቦም ከሰርኩ እያለ ሲያማርር ኖረ። የመሣሪያው ነገር እንዲህ ከሆነ የሰውየው ነገር አይገርምም። ያ የቡልጋ ልጅ ከአለቃው የተቀበለው ትእዛዝ አጭር ነበር። እዚህ ኮረብታ ላይ ስፈር፤ አገሩን ጠብቅ፤ ስትጠራ ዝመት።

ሲጠራም ዘምቷል። ክፉ ቀን ከብቱን ከጨረሰው በኋላ የሐረር ጦር ወደ ኦጋዴን እየወረደ ከብት ይነዳ ነበር፤ ለዘላኑ ሶማሌ ያ ዘመን የዝርፊያ ዘመን ነው፤ በደጋ ላለው ወታደር ደግሞ የእራት ዘመን። በ1888 ራስ መኮንን የሐረርን ሰው ይዘው አምባላጌና አድዋ ሲዘምቱ የአያቴ ጌታም ከዘማቾቹ አንዱ ነበር ይባላል። እሱ ሲዘምት ማሳውን ማን አረሰ? ገባሮቹ። የአድዋ ድል የሁላችንም ነው ስንል እነዚያን አራሾች ጨምረን መሆን አለበት። ይህን ሳልናገር ባልፍ አያቴ ከመቃብሩ ይወቅሰኛል።

ሴት አያቴ የምታወራው ደግሞ ስለ ወፍጮ ነበር። ስለ አዋጅና ስለ ሹመት ምንም አታውቅም፤ የምታውቀው በሳምንቱ የተወሰነ ቀን ከጎህ በፊት ተነስታ ወደ ጌታው ግቢ ወጥታ መፍጨት እንዳለባት ነው። ልጅ ብትወልድም፣ ቤቷ ለቅሶ ቢሆንም ያው ነው። የጌታው ሚስት ክፉ አልነበረችም፤ ቆሎ ትሰጣት ነበር። «ቆሎው ጥሩ ነበር፤ ጉልበቴ ግን የኔ አልነበረም» ትል ነበር። ስለ ገባር ሥርዓት ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የተሻለ የሚገልጸው አላገኘሁም።

መንግሥት ራሱ ይህ አከፋፈል እንደማያዛልቅ ቀድሞ ገብቶታል። ባቡሩ በ1895 ከጅቡቲ ድሬዳዋ ሲደርስ ቡናና ቆዳ በገንዘብ መሸጥ ጀመረ፤ ጉምሩክ ገንዘብ ሰበሰበ። ገንዘብ ካለ ደግሞ ወታደርን በገንዘብ መቅጠር ይቻላል። ከእኛ በስተምዕራብ ጨርጨር ላይ በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም አስተዳዳሪ ሆነው አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮን፣ ሲቆረቁሩ ጉልበቱን ለጌታ የሚገብረው ገበሬ የተወሰነ ግብር ከፍሎ እንዲያርፍ ማድረግ ከዕቅዳቸው አንዱ ነበር። በ1923 ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት እኚሁ ሰው ናቸው። አጼ ኃይለሥላሴም በዚያው ዘመን የቤልጅግ መኮንኖች አስመጥተው ክቡር ዘበኛን በዘመናዊ መንገድ አሠለጠኑ፤ ስዊድኖች ደግሞ ሆለታ ላይ የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። ደመወዝ የሚከፈለው፣ አለቃው በፈለገው ቀን ወደፈለገው ቦታ የሚልከው፣ መሬትም ገባርም የሌለው ወታደር እንዲህ ተወለደ። በኮረብታው ላይ የሰፈረው ነፍጠኛ ተቀናቃኝ የመጣበት ያኔ ነው። ወዲያው አልገባውም።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። በኦጋዴን ግንባር ጎራሄ ላይ አዛዡ አፈወርቅ ወልደሰማያት እስኪሞቱ ድረስ ተዋጉ፤ በግንቦት 1928 መባቻ ግን ሐረርም ድሬዳዋም በጣሊያን እጅ ነበሩ። አያቴ ስለዚህ ጊዜ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ወራሪው የገባርን ሥርዓት ሻረ። ነፍጠኛው መሣሪያውን ተቀማ፤ አንዱ ሸፈተ፣ አንዱ ተሰደደ፣ አንዱ አደረ። አያቴ በገዛ ጉልበቱ ለራሱ ብቻ ያረሰው በጠላት ዘመን ነው። ደስ አለው? አዎ። አፈረ? እሱንም። ይህን የመሰለ ነገር የድል በዓል ንግግር ውስጥ አይገባም፤ ሳይገባ በመቅረቱ ግን በኋላ የመጣውን ብዙ ነገር ለመረዳት ተቸግረናል።

በመጋቢት 1933 እንግሊዞች ድሬዳዋ ሲገቡ ሰፋሪዎቹም ተመለሱ። ንጉሠ ነገሥቱ የድሮውን ሥርዓት እንዳለ አልመለሱትም። የጉልበት ግብር ቀርቶ መሬት ለም፣ ለም-ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ተመደበ፤ በጋሻ ይህን ያህል ብር ተባለ፤ የ1937ቱ አዋጅም አጸናው። ለአርበኞች፣ ለስደተኞችና ለሟች ቤተሰቦች መሬት ተሰጠ። ለአገልግሎት የተያዘው የማደሪያ መሬትም ቀስ በቀስ የግል ርስት ሆነ። ወረቀቱ ላይ ሲነበብ ገባሩ ነፃ ወጣ። በመዝገቡ ላይ ግን የሆነው ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ የቀድሞ ሥራዬ ስለሚያስገድደኝ ትንሽ ልቆይ።

ግብር የከፈለ ሰው ደረሰኝ ይይዛል። ደረሰኝ የያዘ ሰው ዳኛ ፊት ባለመሬት ነው። ታዲያ በጋሻ የተለካውን መሬት ግብር በስሙ የከፈለው ማን ነበር? ግምጃ ቤት የት እንዳለ የሚያውቀው፣ አማርኛ የሚያናግረው፣ ጸሐፊውን በስሙ የሚጠራው ሰው ነዋ። ትናንት ለሰፋሪው ለአገልግሎት የተቆጠረው ገበሬ ከነማሳው በሰፋሪው ስም መዝገብ ላይ ሰፈረና ጭሰኛ ተባለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባለመሬቱ ከምርቱ እስከ ሦስት አራተኛ ድረስ እንዲወስድ ይፈቅድ ነበር። የእኛ ደጋ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ይገብሩ የነበረው ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም በማንኛውም የመኸር ማግሥት «ውጣ» ሊባሉ ይችሉ ነበር። አያቴ ተባለ። አንድ አህያና ሁለት ፍየል ይዞ ነው ቢዮ አዋሌ የወረደው፤ የጌታው ልጅ መሬቱን ለትራክተር ፈልጎት ነበር። ትራክተሩ መጣ ወይስ አልመጣም ብሎ አያቴ እስኪሞት ይጠይቅ ነበር። አልመጣም።

የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ የመንግሥት ወታደር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። መሬት የለም፤ የድሬዳዋ ፋብሪካ ሁሉንም አይቀጥርም፤ ሐረር ያለው ሦስተኛ ክፍለ ጦር ግን ጉልበት ያለውን ወጣት ይፈልጋል። ሐረር በዚያ ዘመን የወታደር ከተማ ነበረች። በህንድ መኮንኖች እገዛ የተከፈተው የጦር አካዳሚ እዚያ ነው፤ ክፍለ ጦሩን ያዘዙት ጄኔራል አማን አንዶም በ1956 ከሶማሊያ ጋር ድንበር ላይ በተደረገው ውጊያ ስማቸው ገነነ። አጎቴ በዚያ ውጊያ ቶጎ ውጫሌ ነበር። ሲመለስ ፈቃድ ተሰጥቶት፣ ካኪውን በፓስታ ውሃ አስተኩሶ፣ ቤተሰብ ለመጠየቅ ወደ ደጋው ወጣ። እኔም ትንሽ ልጅ ሆኜ ተከትዬው ነበር።

መንገድ ላይ የጌታው ልጅ በበቅሎ ሲመጣ አገኘን። የአባቱን ማዕረግ ወርሶ ግራዝማች ይሉታል፤ ምንሽሩን በትከሻው አንግቷል። ሰው ሁሉ ከመንገድ ወጥቶ እጅ ነሳ። አጎቴ ቆመ።

«ባርኔጣህን አታወልቅም?» አለው ግራዝማች።

«እኔ የመንግሥት ወታደር ነኝ። ላንተ አላወልቅም።»

«አንተ» ማለቱ ከካኪው በላይ አስደነገጠን። ድሬዳዋ ላይ አንተ የማይባል ሰው የለም፤ ደጋ ላይ ግን ለባለርስት አንቱ ነበር። ግራዝማች ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ያለው ነገር እስካሁን ያሳስበኛል።

«አባቴስ የማን ወታደር ነበር?»

ስለዚህ ዘመን የሚጽፉ ሰዎች መስመሩን በገበሬና በባለርስት መካከል ያሰምራሉ። ትክክል ነው፤ ዋናው መስመር እሱ ነው። ሁለተኛው መስመር ግን እዚያ መንገድ ላይ በቅሎዋ ፊት ተሰምሮ አይቻለሁ። የትናንቱ የመንግሥት ወታደርና የዛሬው የመንግሥት ወታደር ተፋጠጡ። አንደኛው በመሬትና በሰው ተከፍሎታል፤ ሁለተኛው በወር ደመወዝ፣ እሱም ለቤት ኪራይ የማይበቃ። አንደኛው መንግሥት ውለታዬን ረስቶ ግብር ይጨምርብኛል፣ ጠመንጃዬን ሊመዘግብብኝ ይፈልጋል ይላል። ሁለተኛው ደግሞ እናቴን ከመሬቷ ላስነሳ ሰው ዘብ ልቆም ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል።

ይህ የእኛ ብቻ ጉድ አይደለም። እንግሊዝ በ1755 በእኛ አቆጣጠር ገደማ፣ በፈረንጁ 1763፣ ከፈረንሳይ ጋር የነበረውን ጦርነት ጨርሳ አሜሪካ ላይ 10,000 ያህል ወታደር ልትተው ወሰነች። ከአፓላቺያን ተራሮች በስተምዕራብ ማንም ነጭ አይስፈር ብላም አወጀች፤ ከአገሬው ሕንዶች ጋር ሌላ ጦርነት እንዳይነሳ። ድንበር ላይ የሰፈሩት ሰዎች ግን ከሕንዶቹ ጋር ሲዋጉ የኖሩ፣ ራሳቸውን የንጉሡ ጋሻ አድርገው የሚያዩ ነበሩ። በፈረንጁ 1765 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው ለሕንዶች ሸቀጥ የጫነውን የነጋዴ ቅፍለት አቃጠሉ። በአቅራቢያው ያለው የፎርት ላውደን ጦር ሰዎቹን ይዞ ጠመንጃቸውን ቀማ። ሰፋሪዎቹም ጠመንጃችንን መልሱ ብለው በዚያው ዓመት ምሽጉን ከበው ተኮሱበት፤ ወታደሮቹም ለቀው ወጡ። የአሜሪካ አብዮት የመጀመሪያ ጥይት ሌክሲንግተን ላይ የተተኮሰው ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ ነው። ነገሩን ያባባሰውም ያው የወታደር ክፍያ ነው። እንግሊዝ የዚያን ጦር ወጪ ለመሸፈን በቅኝ ግዛቶቹ ላይ የቴምብር ቀረጥ ጣለች፤ ሰዉም በፓርላማው ወኪል ሳይኖረን አንከፍልም አለ።

በእኛ አገር ግን ሰፋሪው አብዮተኛ አልሆነም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። የአሜሪካው ሰፋሪ የአገሬውን ሰው ገፍቶ ራሱ አራሽ ሆነ። የእኛው ሰፋሪ አራሹን እንዳለ አስቀምጦ ከላዩ ተቀመጠ። መንግሥት ላይ ቢያምፅ ከበታቹ ያለው ገበሬ አብሮት አይነሳም፤ ሊነሳ የሚችለው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ እያጉረመረመ ከመንግሥት ጋር ቆየ።

ባሌ ላይ ይህ በገሃድ ታየ። ከ1955 ጀምሮ እነ ዋቆ ጉቱ ሲነሱ ምክንያቱ ግብር፣ ልኬትና በውዝፍ ዕዳ የተነጠቀ መሬት ነበር። መንግሥት ሰፋሪውን ነጭ ለባሽ ብሎ አስታጥቆ ከመደበኛው ጦር ጎን አሰለፈው። ሰፋሪው በሚያውቀው መንገድ ተዋጋ፤ ከብት ነዳ፣ ቤት አቃጠለ፤ ወታደሩ ያበረደውን እሳት ሌሊት ያቀጣጥላል ብለው ወታደሮች ሲያሙት ድሬዳዋ ድረስ እንሰማ ነበር። አመፁ የበረደው በ1962 ዋቆ እጁን ሰጥቶ ምሕረት ሲያገኝ ነው። የታሪክ ምሁሩ ገብሩ ታረቀ የትግራዩን፣ የባሌውንና የጎጃሙን የገበሬ አመፅ አንድ ላይ አጥንቷል፤ ሦስቱን ማነጻጸር የሚፈልግ እሱን ያንብብ። የጎጃሙ በ1960 በወጣው የእርሻ ገቢ ግብር የተነሳ ነው፤ እዚያ ገበሬው ራሱ ባለርስት ስለሆነ መንግሥት የጦር አውሮፕላን እስከ መላክ ደርሶም በመጨረሻ ግብሩን ተወለት። ሐረርጌ ግን የሚተውለት ሰው አልነበረም። በአብዮቱ ዋዜማ በጨርጨር ኤሌሞ ቅልጡ የተባለ ሰው ጥቂት ሰዎች አስታጥቆ በባለርስቶች ላይ ሲነሳ በድሬዳዋ ጫት ቤቶች ወሬው በሹክሹክታ ይዞር ነበር። አዲስ አበባ ላይ ተማሪው ከ1957 ጀምሮ መሬት ለአራሹ ይል የነበረውን እዚህ የሚለው ሰው ድምፁን ቀንሶ ነው።

አብዮቱን የለኮሰው የወታደር ሆድ መሆኑን ብዙ ሰው ይረሳል። ጥር 4 ቀን 1966 ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች አመፁ። የውሃ ፓምፓቸው ተሰብሮ፣ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንቅዳ ብለው ተከለከሉ፤ ምግቡም አይበላም። ሊያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው የራሳቸውን ምግብና ውሃ ቅመሱ አሏቸው። በወሩ አሥመራ ላይ ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተከተለ፤ ደመወዝ ይጨመርልን አለ። የወታደሮቹ ኮሚቴ፣ ደርግ፣ ሰኔ 21 ቀን ሲቋቋም ከየክፍሉ ተወካይ ተላከ፤ ከሐረሩ ሦስተኛ ክፍለ ጦር ከተላኩት አንዱ ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለማርያም ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። በውሃ ፓምፕ የጀመረው ጥያቄ ዘጠኝ ወር ሳይሞላው ዙፋን ገለበጠ።

የካቲት 25 ቀን 1967 የመሬት አዋጁ በሬዲዮ ሲነበብ እኔ መዝገቤ ፊት ተቀምጬ ነበር። አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገው። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይዝም። በቅጥር ማሳረስ ቀረ። ጭሰኝነት ቀረ። ገበሬ በ800 ሄክታር አካባቢ ማኅበር ያቋቁም። አጠገቤ የነበረው የሥራ ባልደረባዬ እስክሪብቶውን ክዳኑ ውስጥ ከቶ «እንግዲህ እኛስ?» አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ሁሉ ደረሰኝ፣ ያ ሁሉ ማኅተም የወረቀት ክምር ነው።

በደጋው ገበሬው ማኅበር ሲያቋቁም መጀመሪያ የያዘው መሬቱን አይደለም፤ የባለርስቱን ጠመንጃ ነው። መንግሥት ወደ ገጠር የላካቸው ዘማች ተማሪዎችም ይህንኑ ይገፋፉ ነበር፤ ትጥቅ ካልተፈታ አዋጁ ወረቀት ነው እያሉ። አንዳንዱ ባለርስት መሣሪያውን ይዞ ጫካ ገባ፤ አንዳንዱ ከተማ ወርዶ ከዘመድ ተጠጋ። ደምም ፈሷል፤ ከሁለቱም ወገን። የዚያን ጊዜውን ደም በደስታ የሚያወራ ሰው አይቻለሁ፤ አልወደድኩለትም።

ግራዝማች ምንሽሩን አስረክቦ ድሬዳዋ ወረደ። አንድ ቀን ወደ ቢሮአችን መጣ። በቅሎ የለም፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። የማን ልጅ እንደሆንኩ አላወቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። በነጠላ የጠቀለለውን ፈትቶ ከአባቱ ጊዜ ጀምሮ የከፈለበትን ደረሰኝ ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረ።

«ልጄ፣ በዚህ ላይ ማኅተም ምታልኝ።»

«ጋሼ፣ ለምን ይሆንልዎታል? መዝገቡ ተዘግቷል።»

«ለምን ይሆናል?» አለ። «አባቴ ከመንግሥት አንድ ቀን ደመወዝ ወስዶ አያውቅም። አድዋ ዘምቷል፣ ኦጋዴን ዘምቷል። ደመወዙ ይህ መሬት ነው። መሬቱን ከወሰዳችሁ የዚያን ሁሉ ዓመት ደመወዝ ማን ሊከፍለኝ ነው?»

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። መንግሥት ከአባቱ ጋር ውል ነበረው፤ ውሉ ፈረሰ። ነገር ግን በውሉ ላይ የሚከፍለው መንግሥት አልነበረም። የከፈለው አያቴ ነው፤ በማሽላ፣ በማር፣ በሚስቱ የሌሊት ወፍጮ። ዕዳ ካለ ሁለቱም ናቸው የሚጠይቁት፤ አያቴ ደግሞ ደረሰኝ የለውም። ይህን ሁሉ በልቤ አልኩ እንጂ በአፌ አላወጣሁትም። ደረሰኞቹን አስተካክዬ መልሼ ጠቀለልኩለት፤ ማኅተሙ ተወስዷል አልኩት። እውነት ነበር። አመስግኖኝ ወጣ።

አጎቴ ለፋሲካ ሰሞን ፈቃድ አግኝቶ ቢዮ አዋሌ ሲመጣ ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ጫቱን አስቀምጦ ሆጃውን ጠጣና፣ «አቦ፣ እሱ ትክክለኛውን ነው የጠየቀ» አለኝ። «እኛስ የጠየቅነው ምን ነበር? ከፈልክ ወይስ አልከፈልክ ነው። መንግሥት መሬቱን ለገበሬው ሰጠ፤ ደግ አደረገ። ነገ ግን ጦርነት ቢመጣ ወታደሩን በምን ሊከፍለው ነው?»

ጦርነቱ መጣ። በሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ወረረ፤ በነሐሴ ድሬዳዋ ጫፍ ደርሶ ተመታ፤ በመስከረም ጅጅጋ ወደቀች። ደርግ ታጠቅ ጦር ሰፈር ላይ ገበሬውን በብዙ ሺህ አሠልጥኖ ሚሊሺያ ብሎ በባቡርና በካሚዮን አወረደልን። አብዛኞቹ ከዚያ ቀደም ምሥራቁን አይተው የማያውቁ፣ መሬት የደረሳቸው ትናንት የሆኑ ሰዎች ናቸው። ጣቢያው ላይ ዳቦ ስናድላቸው አንዱን ከየት ነህ አልኩት፤ ከቡልጋ አለኝ። እርሻህንስ ማን ያርስልሃል ብዬ ብጠይቀው፣ «ማኅበሩ ያርስልሃል ብለውኛል» አለ፤ ዳቦውን በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ካሚዮኑ ላይ ወጣ።